ወደ አልጋው ያዘነበለው ተክል

ይሄ የሆነ ነገር ነው። እኔው ላይ የሆነ፣ በዓይኔ ያየሁት።

ጎባ፣ ላይኛው ሰፈር፣ እናቴ ቤት። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም። ውሻም አላላዘነም።

አስቀድሜ የምነግራችሁ ስለማውቃችሁ ነው። ይሄን ቻናል ሁለት ዓመት ተከታትያለሁ። "በሩ ተንኳኳ... ከፈትኩት... ማንም የለም..." ብሎ ለሚጽፍላችሁ ሁሉ እሳትና ልብ ታዘንቡለታላችሁ። ማንም ከሌለ ዘግተህ መተኛት ነዋ! ምኑ ነው የሚያስፈራው?

ስሜ ሳቢሪን ነው። ሮቤ ላይ አስራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ክፍል ውስጥ ጂን፣ ቡዳ፣ ዓይነ ጥላ የሚል ተማሪ ካገኘሁ ጓደኞቹ ፊት አሳቅበታለሁ። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ አይደግመውም። "ምላሷ መርዝ ነው" ይሉኛል። ልክ ናቸው።

አሁን እናንተ ሳቁብኝ። ተራችሁ ነው።

እናቴ አደ ጁሀራ ህዳር ላይ ጓሮ አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገቡላት። "ሦስት ወር ትተኛ፣ ከዚያ በምርኩዝ ትነሳለች" ብለው ወደ ቤት ሸኟት። ሌላ ምንም አልነበረባትም። ስኳር የለ፣ ግፊት የለ። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ ሙሉ ነው፣ ምላሷ ደግሞ የእኔን ያስንቃል።

እኔ ሮቤ ስራ ላይ ነኝ። ወንድሜ ዓብዱልፈታሕ በጭነት መኪና ከደሎ መና ቡና ያመላልሳል፤ ቤቱ የሚያድረው በወር አምስት ስድስት ቀን ቢሆን ነው። ስለዚህ እናቴ የወደቀችው በሚስቱ በለሊሴ እጅ ላይ ነው።

ለሊሴ ድሮ ተማሪዬ ነበረች። ዛሬም "ቲቸር" ነው የምትለኝ። ባዮሎጂ ላይ ከሃምሳ አስራ ዘጠኝ ያመጣች ልጅ ናት። ደግ ናት፣ አልዋሽም። እናቴን እንደ ሕፃን ነው የምታገላብጣት። ግን ምን ዋጋ አለው? የተባለችውን ሁሉ ታምናለች። ጎረቤት "በግራ እጅ በር አትክፈቺ" ቢላት በግራ እጇ በር ሳትከፍት የምትሞት ዓይነት ናት።

የእናቴን አልጋ ሳሎን አወጣነው፣ ጠያቂ እንዳይጨናነቅ። የጎባ ጠያቂ ደግሞ አያልቅም። አንዱ ይገባል፣ "አብሽሪ፣ አላህ ያሽራል" ይላል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ የሌላ ሰው ዳሌ ተሰብሮ እንዴት እንደሞተ ያወራል፣ ይወጣል።

ፊት ለፊት የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ ሙሉሃብት የሚባል ሰው አለ፣ ከሆሳዕና የመጣ። ሰው ብርቱካንና ሙዝ ሲያመጣ እሱ ተክል ይዞ መጣ። ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ የተቀባ የሚመስል። ጄድ ይሉታል።

"ቤት ያደምቃል" አለ።

በነጭ የቀለም ባልዲ ነው የተከለው። ያውም ቀዳዳ በሌለው ባልዲ! ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ባልዲ ሲሸጥ ይውላል፣ ውሃ መውጫ እንደሚያስፈልገው አያውቅም።

ምስማር አግዬ ታቹን ሦስት ቦታ በሳሁት። ከስሩ ሳህን አደረግኩለት። መስኮቱ ስር፣ ከእናቴ አልጋ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ አስቀመጥኩት። ከዚያ ለሊሴን ጠራኋት።

"ስሚ። ይሄ ተክል ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ነው የሚያጠራቅመው። ውሃ ሲበዛበት ስሩ ይበሰብሳል። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ ታጠጪዋለሽ። በሳምንት አንዴ ትንሽ ታዞሪዋለሽ፣ አለዚያ ወደ ብርሃን ያዘነብላል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጊለታለሽ። ገባሽ?"

"ገባኝ ቲቸር።"

"ምን አልኩሽ?"

"እንዳጠጣው።"

ያ ረቢ!

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እሱ ላይ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ሼህ ሙህዲን ይመጣሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ የሰፈሩ ሰው ይሰማቸዋል። ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ላይ ቁርኣን ይቀራሉ። እናቴ ከእሱ ትጠጣለች፣ ፊቷን ትታበሳለች።

የተቀራበት ውሃ ሲተርፍ ሽንት ቤት አይደፋም። እግር የሚረግጠው መሬት ላይም አይፈስም። ዛፍ ስር፣ አበባ ስር ነው የሚደፋው። ይሄን ጎባ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

ያኔ ደግሞ ግቢው ለአዲስ ሽንት ቤት ጉድጓድ ተቆፋፍሮ ነበር። ዛፍ የለ፣ አበባ የለ፣ ሁሉም ጭቃ ነው። ለሊሴ ምን ታድርግ? ብርጭቆው ውስጥ የቀረውን፣ እናቴ አፏን ያሳረፈችበትን፣ ፊቷን የታጠበችበትን ሳይቀር... ሁሉንም ጄዱ ባልዲ ውስጥ ትደፋዋለች።

ደርሼ አየኋት። ጮህኩባት።

"ልትገድዪው ነው እንዴ?"

"ቲቸር፣ የት ልድፋው? ኃጢአት ነው።"

"ሽንት ቤት ድፊዋ!"

"አስተግፊሩላህ!" አለችና ብርጭቆውን ደረቷ ላይ ያዘች።

እናቴ ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። "ተያት። የሷ ውሃ ተክል ቢገድል ነው። ያንቺ አፍ ስንት ባል አባረረ?" አለችኝ።

እንዲህ ነበረች። ይሄን ድምጿን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ብዙ አልሰማሁትም።

በሳይንስ ከሄድን ጄዱ በሁለት ሳምንት መበስበስ ነበረበት። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ ግንዱ ለስልሶ።

አልበሰበሰም። ይባስ ብሎ ወፈረ።

ከስሩ ያለው ሳህን ደግሞ ደረቅ ነው። በየቀኑ ውሃ ይደፋበታል፣ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ግን አንዲት ጠብታ አልወጣም። ቀዳዳው በአፈር ተደፍኖ ነው አልኩ። ሽቦ ሰድጄ አየሁ። አልተደፈነም።

ናቅኩት። ምን ላድርግ? ፈተና ማረም ነበረብኝ።

ጥር መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ቀን መጣሁ። ከሳነቴ ተራራ የወረደው ጉም ተነስቶ ጥሩ ፀሐይ ወጥቷል። ጫማዬን አውልቄ ስገባ...

ጄዱ አዘንብሏል።

ይሄ ምንም አይደለም። ተክል ወደ ብርሃን ያዘነብላል፣ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያውቀዋል።

ይሄኛው ግን ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቷል።

ቅርንጫፎቹ ሁሉ ወደ ውስጥ... ወደ ጨለማው ግድግዳ... ወደ እናቴ አልጋ።

"ለሊሴ! ይሄን ማን አዞረው?"

"ማንም አላዞረው።"

"እና ራሱ ተነስቶ ዞረ?"

"ወላሂ ቲቸር፣ አልነካሁትም።"

ውሸታም አልኳት። ባልዲውን አዙሬ ቅርንጫፎቹን ወደ መስኮት መለስኳቸው። እጅ ከፍንጅ ልይዛት ፈልጌ ባልዲው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጥቁር መስመር አሰመርኩ፣ ልክ ከመስኮቱ መሃል ትይዩ።

በሳምንቱ መጣሁ።

መስመሩ ካሰመርኩበት ቦታ ንቅንቅ አላለም።

ባልዲው አልዞረም... ተክሉ ብቻ ዞሯል።

ወደ አልጋው።

ባልዲውን ሁለቴ ዞሬ አየሁት፣ እውነቱን ልናገር። ግን "የክፍሉ ሙቀት ነው፣ የሆነ ነገር ነው" ብዬ ራሴን ገሰጽኩ። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ "የሆነ ነገር ነው" ማለት ልማዴ ነው። ከተማሪዎቼ ብሰማው ዜሮ የምሰጠው መልስ ነው።

እናቴ ያን ቀን አልቀለደችም።

"ቢሻን" አለች። ውሃ ማለቷ ነው።

ለሊሴ ሰጠቻት። አንድ ጆግ ሙሉ ጨለጠችው።

"ቢሻን..."

ሌላ ጆግ።

ከንፈሯ ግን ተሰነጣጥቋል። ምላሷን ሳይ ደረቅ ነው፣ ነጭ ሆኗል። አሁን ውሃ የጠጣ ሰው አፍ አይመስልም።

ስኳር ነው አልኩ። ደም አስወስጄ ሮቤ አስመረመርኩ። ስኳር የለባትም። ኩላሊቷ ደህና ነው። ሐኪሙ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ጥሎ "አጠጧት" አለኝ። አይ ሐኪም! ለዚህ ሰባት ዓመት ተማረ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ለለሊሴ ደወልኩ። ስልኩን ይዛ ወደ ኩሽና ስትሄድ ይሰማኛል።

"ቲቸር..." አለች፣ እያንሾካሾከች።

"ምን ሆንሽ? ጮክ በይ።"

"ሽንት የለም።"

"እንዴት የለም?"

"ከቅዳሜ ጀምሮ። ትጠጣለች፣ ትጠጣለች... ምንም አይወጣም። አንሶላውም ደረቅ ነው።"

"ላብስ?"

"ቲቸር፣ ቆዳዋ እንደ ወረቀት ሆኗል። ስዳስሳት ይንኮሻኮሻል።"

"እና ውሃው የት ይሄዳል?"

የኩሽናው በር ሲዘጋ ይሰማል።

"ለሊሴ! ጠየቅኩሽ እኮ!"

"ቅዳሜ ስትመጪ... አበባውን እይው" አለችና ዘጋችው።

አበባውን እይው! እናቴ አልጋ ላይ እየደረቀች እሷ የአትክልት ወሬ ታወራለች አልኩ። በንዴት ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ምስኪን ተማሪ ላይ ጮህኩ። ግን ቅዳሜን አልጠበቅኩም። ሐሙስ ከሰዓት አስፈቅጄ ጎባ ወጣሁ።

ጄዱ በእጥፍ አድጓል።

ቅጠሎቹ ተወጥረዋል። ከወፍራምነታቸው የተነሳ ጫፋቸው ቀልቷል። ለሊሴ ከአስር ቀን ወዲህ ጠብታ እንዳላፈሰችበት ማለች። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩ፣ እስከ መጨረሻው... ዱቄት ነው። እንደ ዱቄት ደርቋል።

ባልዲውን ላነሳው ሞከርኩ።

እኔ ግማሽ ኩንታል ስንዴ ተሸክሜ ደረጃ የምወጣ ሴት ነኝ። ንቅንቅ አላለልኝም።

ተናደድኩ። አንዱን ቅጠል ይዤ ቀነጠስኩት።

"ቀስ በይ እንጂ..."

ዞርኩ። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

"ቀስ በይ ኢንተላ ቲያ... ልጄ... ቀስ በይ" አለች።

ከቅጠሉ የወጣው ውሃ በጣቴ ላይ ወረደ። ቀዝቃዛ አልነበረም። እንደ እጄ ሙቀት ነበረው።

ቅጠሉን ጥዬ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ፣ ደጋግሜ ጠረግኩ። ለሊሴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ወደ ኩሽና ጎተትኳት።

"ተናገሪ" አልኳት።

"አበባው እማማን እየጠጣት ነው።"

"አፍሽን ዝጊ!"

"ከአፏ የተረፈውን እኔ ነኝ ያለመድኩት። እኔ ነኝ ቲቸር።" ማልቀስ ጀመረች። "አሁን ሌላ ውሃ አይፈልግም። የሷን ነው የሚፈልገው።"

ሳቅኩባት። እዚያው ፊቷ ላይ ሳቅኩ። ሳቄ ግን ቀጭን ነበር፣ የእኔም አይመስል።

ሼህ ሙህዲን እንደ ሐሙስ ልማዳቸው መጡ። ለሊሴ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጠያቂ ሆኖ የመጣው ሙሉሃብትም እዚያው ተቀምጧል፣ ሻዩን ይዞ። ሼሁ እናቴን አዩ፣ ተክሉን አዩ። ከዚያ ውሃው ላይ ቁርኣን ሳይቀሩ የሃይላንዱን ክዳን መልሰው ዘጉት። ይሄን ሳይ ከሁሉም በላይ ፈራሁ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ቢላ እንዳታስነኩት። ቅጠሉንም አትቀንጥሱት። የሷ አማና፣ የነፍሷ አደራ፣ እሱ ውስጥ ነው ያለው። ዓብዱልፈታሕ መቼ ይመጣል?"

"ሰኞ ነው የሚመጡት" አለች ለሊሴ።

"በመኪናው ይውሰደው። ሃረና ጫካ ይግባና ሰው በማይረግጥበት፣ ውሃ ባለበት ቦታ ከነሙሉ አፈሩ ይትከለው። የመሬቱ ውሃ ሲያጠግበው እሷን ይለቃታል፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ አርቁት፣ ግን አትቁረጡት።"

"እኛም ጸበል ሲተርፍ እንዲሁ ነው የምናደርገው" አለ ሙሉሃብት። "ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት።"

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ?

"ሼህ ሙህዲን፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ለአንድ ባልዲ ቅጠል ሃረና ድረስ መኪና አላስነዳም" አልኩ።

እንዲህ ነው ያልኩት። ሰው ፊት።

አያችሁ፣ በልቤ አምኛለሁ። ያ የሞቀ ውሃ ጣቴ ላይ ሲወርድ ያኔውኑ አምኛለሁ። ግን ተክሉን ጫካ ካስወሰድኩ ማመኔን ሰው ሁሉ ሊያየው ነው። ሳቢሪን አበባ ፈርታ ሃረና ላከች ሊባል ነው። ከሃምሳ አስራ ዘጠኝ ያመጣችው ለሊሴ ትክክል፣ እኔ ስህተት ልሆን ነው። ይሄን መዋጥ አቃተኝ።

አርብ ተቀምጬ አደርኩ፣ ጠብታ ጠብታ በማንኪያ እያጠጣኋት። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ዓይኗ ጎድጉዷል። የእጇን ቆዳ ሳነሳው እንደተነሳ ቀረ። እስከ ሰኞ ሁለት ቀን አለ። ሁለት ቀን አትደርስም አልኩ። ለራሴ ያቀረብኩት ምክንያት ይሄ ነው። ግማሹ እውነት ነው።

ግማሹ ግን ንቀት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልዲውን በምንጣፍ ላይ ጎተትኩት። ሳሎኑን አሳልፌ፣ በረንዳውን አሳልፌ፣ ግቢ አወጣሁት። ከባልዲው ስር ሳህኑ ተሰበረ። ለሊሴ ቀሚሴን ይዛ ትጎትተኛለች።

"ማሎ ቲቸር... እባክሽ... ሰኞ እኮ ሩቅ አይደለም..."

"ልቀቂኝ!"

"ሼሁ አትቁረጡ ብለዋል!"

"ሼሁ እናቴን አላዳኗትም! አንቺም አላዳንሻትም!"

የስጋ ቢላውን አንስቼ ግንዱ ላይ አሳረፍኩት። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ተቆረጠ።

ውሃ ወጣ።

ትንሽ ውሃ አይደለም። አንድ ባልዲ፣ ሁለት ባልዲ የሚሞላ... ከተቆረጠው ግንድ እየተገፋ፣ እየዘለለ ወጣ። እግሬ ላይ ፈሰሰ፣ ሞቅ ያለ ነው። በጭቃው ላይ እየወረደ ወደ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ገባ። በእጄ ልገድበው ሞከርኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተንበርክኬ በመዳፌ ልመልሰው ሞከርኩ። በጣቶቼ መሃል አመለጠኝ።

ከቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ። ለሳምንታት ያልሰማሁት፣ የጠራ ድምፅ።

"ቁፌ" አለች።

ጠገብኩ ማለት ነው።

ሮጬ ገባሁ። ፊቷ ላይ ጭንቀት አልነበረም። ከንፈሯን አንዴ ዘጋችው፣ አልከፈተችውም። የልብ ትርታዋን በአንጓዋ ፈለግኩ፣ በአንገቷ ፈለግኩ። የለም። ጎረቤቶች ከሰፈሩ አንዲት ነርስ ጠሩ፣ እሷም ደረቷን አዳምጣ፣ ዓይኗን በባትሪ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ያለቀስኩ መሰላችሁ? አልተቻለኝም። እግሬ ገና እርጥብ ነበር።

ወንድሜ ከደሎ መና እስኪደርስ ቀብሩ ለእሁድ ጠዋት ሆነ። ሦስት ሰዓት ላይ ለማጠብ ወደ መኝታ ክፍል አስገባናት። እኔ፣ ለሊሴና የሰፈሩን ሴቶች ሬሳ የሚያጥቡት አደ ዙቤዳ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ክፍሉን ሞልታዋለች። ውጪ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰው ግቢውን ሞልቷል። ወንዶቹ ሲያወሩ ይሰማናል።

አደ ዙቤዳ እያሳዩን አጠብናት። በቀኝ በኩል፣ ከዚያ በግራ። ክብደቷ የሕፃን ነበር። ለሊሴ እያለቀሰች ታጥባታለች።

"የሬሳውን ሽቶ፣ ካፉሩን፣ ሳሎን ትቼዋለሁ" አሉ አደ ዙቤዳ። "ላምጣው። አንቺ አፏን በእርጥብ ጥጥ ጥረጊላት፣ ውሃ ግን ወደ ውስጥ እንዳይገባ።"

ወጡ።

ጥጥ አነሳሁ። ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ጨመቅ አድርጌ ከንፈሯን ጠረግኩ።

ጥጡ ደርቆ ወጣ።

በጣቶቼ አሸሁት። ደረቅ ነው። ገና ከላስቲኩ እንደወጣ።

ሌላ ነከርኩ። እሱም ደረቀ።

ሦስተኛውን አልጨመቅኩትም። እያንጠባጠበ ከንፈሯ ላይ አሳረፍኩት።

ጉሮሮዋ ወደ ላይ ወጣ...

ወደ ታች ወረደ።

ለሊሴ ጆጉን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"ቲቸር..."

"ምን?"

"አየሽ?"

እዚህ ላይ መጮህ ነበረብኝ። "አቁሙ፣ ሐኪም ጥሩ፣ ሼሁን ጥሩ" ማለት ነበረብኝ። ከበሩ ውጪ ያለው ሰው ግማሹን አስተምሬዋለሁ፣ ግማሹን ሰድቤዋለሁ። ገና ሳልናገር ሳቃቸው ጆሮዬ ውስጥ ገባ። "ሳቢሪን እናቷ ከሞተች በኋላ ውሃ ስትውጥ አየች..."

እናቴ ናት እኮ። ፊቴ ያለችው እናቴ ናት። እኔ ግን ያፈርኩት ሰውን ነው።

"ምንም አላየሁም" አልኳት። "ከፈኑን አምጪ።"

"ቲቸር፣ በአላህ..."

"ከፈኑን አምጪ አልኩሽ!"

አመጣችው። አደ ዙቤዳም ካፉሩን ይዘው ተመለሱ፣ ረጩት። እግሯን ጠቀለልን፣ ደረቷን ጠቀለልን። የቀረው ፊቷ ብቻ ነው።

"ጥጡን አንሱላት፣ አፏ ላይ እንዳይቀር" አሉ አደ ዙቤዳ።

እጄን ዘረጋሁ።

ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከንፈሯ ላይ የተውኩት ጥጥ የለም።

ለሊሴ ተንበርክካ ወለሉን በእጇ መዳሰስ ጀመረች። ከአልጋው ስር ፈለገች፣ ከጆጉ ኋላ ፈለገች፣ የቀሚሷን እጥፋት አራገፈች።

እኔ አልፈለግኩም። ጨርቁን ፊቷ ላይ መለስኩና ጫፉን ቋጠርኩት።